በአየር ላይ የቆመው እጅ

እማዬ፣ እነዚህ የጤና ሰዎች መቼ ነው ተምረው የሚጨርሱት?

ይህን ያልጠየቀ ሰው የለም። የታመመ ልጅ አዝሎ፣ ግማሽ ቀን በእግሩ ተጉዞ ጤና ጣቢያው በር ላይ ሲደርስ «ሲስተር ስልጠና ሄዳለች» የተባለ ሰው ሌላ ምን ይበል? እኔም ትንሽ ልጅ ሳለሁ፣ የደሴው መኪና ጡሩንባውን እየነፋ ሲጠብቅሽ፣ ቀሚስሽን ይዤ ጠይቄሻለሁ። አንቺም «ሰው መታመሙን ሲጨርስ» ብለሽኝ ተሳፈርሽ። መልሱ ያኔ አልገባኝም። የተቆጣሽኝ መስሎኝ አለቀስኩ።

ከተለየሽን ይኸው ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። አባባ «ለሞተ ሰው ዱዓ እንጂ ደብዳቤ አይደርሰውም» ይለኛል። ዱዓውን እሱ ያድርስ። እኔ እንደምታውቂኝ ዝም ብሎ መቀመጥ አልሆነልኝም፤ ስለዚህ እጽፋለሁ። ደብዳቤውንም አልደብቀውም፤ የሚያውቁሽ ሁሉ ያንብቡት። መካነ ሰላም ውስጥ ሲስተር ሉባባን የማያውቅ ደግሞ ትናንት በመኪና የመጣ እንግዳ ብቻ ነው።

አባባ ደህና ነው። ሱቁን አሁንም ራሱ ከፍቶ ራሱ ይዘጋል። ሳሙና ሊገዛ የመጣውን ሰው ሁሉ «ሉባባ ብትኖር እጅህን እንዴት እንደምትታጠብ ታሳይህ ነበር» እያለ ያስቆመዋል። አክስቴ ከጅዳ ትደውላለች፤ ኔትወርኩ ሲቆራረጥ ግማሹን ለቅሶ ግማሹን ቁጣ እንሰማለን። ቤቱ በብሎኬት ይሠራ ብላለች። አባባ ግን ሰርተፍኬቶችሽ የተሰቀሉበት ግድግዳ አይነካም ብሎ እምቢ አለ። ግድግዳው ተሰንጥቋል ብዬ ብነግረው «ስንጥቁን የወባ ስልጠናዋ ሸፍኖታል» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ሸፍኖታል።

እኔም ተመርቄልሻለሁ፤ አዋላጅ ነርስ ሆኛለሁ። የምረቃ ፎቶዬ ሱቁ ውስጥ ከዘይቱ ጄሪካን በላይ ተሰቅሏል። የሥራ ምደባ ዕጣ ስናወጣ ደጎሎ ደርሶኝ ነበር። እዚያ ያደገች የክፍሌ ልጅ ደግሞ አንቺ የሠራሽበት፣ በወግዲ መንገድ ያለው ጤና ጣቢያ ደርሷት ታለቅሳለች። እሷ እያለቀሰች እኔ እየሳቅኩ ተለዋወጥን።

እማዬ፣ እስከዛሬ የማውቅሽ በእናትነትሽ ብቻ ነበር። አንቺ በቆምሽበት ክፍል ቆሜ፣ አንቺ በታጠብሽበት ገንዳ እጄን ስታጠብ ነው ማን እንደነበርሽ ማየት የጀመርኩት።

ያን ጊዜ ከደሴ ተመልሰሽ እራት አልበላም ያልሽበትን ታስታውሺያለሽ? አባባ እንደ ልማዱ «ተማሪዋ ሚስቴ መጣች! ደግሞ ዛሬ ምን ተማርሽ?» ብሎ ቀለደብሽ። አልሳቅሽም። አንቺ ሥራ በጀመርሽበት ዘመን፣ ሲወለድ ያላለቀሰ ሕፃን በሁለት እግሩ ቁልቁል ተይዞ ጀርባው ይመታ፣ ቀዝቃዛ ውሃም ይረጭበት ነበር። እንዲያ ተማርሽ፣ ከአንቺ በኋላ የመጡትንም እንዲያ አስተማርሽ። ስምም ወጥቶልሽ ነበር፤ «የሉባባ እጅ ድንጋይ ያስለቅሳል» ይሉ ነበር። ደሴ ስልጠናው ላይ ግን ያ ሁሉ እንደማይረዳ፣ እንዲያውም እንደሚጎዳ ነገሩሽ። ሕፃኑን ቶሎ ማድረቅ፣ ማሞቅ፣ ጀርባውን ማሸት፤ አሁንም ካልተነፈሰ የመጀመሪያዋ ደቂቃ ሳታልፍ አፍና አፍንጫውን በትንሿ ጭንብል ሸፍኖ አየር መስጠት። አየር የሚሰጠው በእጅ በሚጨመቅ የጎማ ፊኛ ነው፤ እኛ አምቡ ባግ እንለዋለን።

ለአባባ የነገርሽው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «እኔ እንግዳ በጥፊ ስቀበል ነው የኖርኩት።»

በማግስቱ ያደረግሽውን ግን የሰማሁት ዘንድሮ ነው፣ ከሥራ ባልደረቦችሽ። ሁሉንም ማዋለጃ ክፍል ሰብስበሽ «ያስተማርኳችሁን እኔው ላፍርሰው» አልሽ አሉ። አንዱ ተቆጥቶ «ኧረ ሲስተር! በዚህ ስንቱ ድኖ የለም ወይ?» ሲልሽ፣ «የዳነው ስለመታነው ይሁን መምታታችን ሳይገድለው ቀርቶ፣ አላህ ያውቃል» ብለሽ መለስሽለት።

ይህን ስሰማ እጄ ላይ ያለውን ጓንት ማውለቅ ረስቼ ቆሜ ቀረሁ። ስም ያወጣልሽን እጅ፣ ያውም ስም ባወጡልሽ ሰዎች ፊት! እኔ እኮ ፈተና ላይ አንድ ጥያቄ ስሳሳት መምህሩን ነበር የምከሰው። ሰው ያላወቀውን መማሩ ቀላል ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ የኮራበትን ነገር አስቀምጦ መነሳት ግን ከየት ይመጣል? ከየት አመጣሽው?

የረቡዕ ትምህርትሽ የተጀመረው ከዚያ ነው። ከስልጠና የተመለሰ ሰው ያየውን ለባልደረባው ሳያሳይ ረቡዕ እንዳያልፍ ደነገግሽ። ቤት ደግሞ ከአባባ አሮጌ ጋቢ አሻንጉሊት ሰፍተሽ ሁላችንንም አሠለጠንሽ። አባባ የአሻንጉሊቱን አንገት ሲያጥፈው «ገደልከው! ሰውዬ፣ አበባ እንደሚያሸት ቀና አድርገው እንጂ!» ትይው ነበር። እሱም «ሱቅ የሚጠብቅ ሰው ምን አዋላጅ ያደርገዋል?» እያለ እየሳቀ ቀና ያደርገዋል። እኛን ደግሞ «ደረቱ ካልተነሳ ነፋሁ አትበሉ» ትዪን ነበር። ጎረቤት «ሲስተር አበል ፍለጋ ነው የምትመላለሰው» ሲልሽ ሰምተሽ እንዳልሰማሽ ታልፊ ነበር።

አንቺ ስትሞቺ ረቡዕም ሞተ፣ እማዬ። ለመለማመጃ ከዞኑ የመጣችው የጎማ አሻንጉሊት ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ከካርቶን ሥር ተኝታ አገኘኋት። አጠብኳት። ትምህርቱን እንጀምር ብዬም ዞርኩ። እዚህ ላይ ሲስተር ጽጌ መጡ። አንቺ ታውቂያቸዋለሽ፤ ለአንባቢ ግን ልንገር፦ ከእናቴ ጋር አብረው የተቀጠሩ፣ የአካባቢውን ግማሽ ሰው በእጃቸው የተቀበሉ አዋላጅ ናቸው። በሰው ሁሉ ፊት «አንቺ ፍሬሽ!» አሉኝ፤ አዲስ ተመራቂ ስሙ ይኸው ነው። «የዲፕሎማሽ ቀለም ሳይደርቅ እኔን አሻንጉሊት ልታጫውቺኝ ነው? አንቺን ራስሽን የተቀበልኩሽ እኔ ነኝ፤ ያውም በጥፊ!»

ሁሉም ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። በዚያ ረቡዕ የመጡልኝ የመድኃኒት ቤቷ ልጅና ዘበኛው ናቸው። ዘበኛው ጥሩ ይነፋል፤ ምን ያደርጋል፣ አያዋልድም።

ሳቁ አላናደደኝም፤ አስፈራኝ እንጂ። ያልተለማመደ እጅ ሲደነግጥ ወደ ጥንቱ ይመለሳል ትይ ነበር። ልጅ ያለ እስትንፋስ የሚመጣው ደግሞ ቀጠሮ ይዞ አይደለም። በዚያን ቀን እጃችን ወዴት ይሄድ ይሆን? ያ ሐሳብ ሥራ ቦታም ቤትም አልለቅ አለኝ።

ያ ቀን መጣም። ዘሃራ የምትባል ከሳውዲ የተመለሰች ልጅ፣ የመጀመሪያ ልጇ ነው፣ ምጥ ጸንቶባት ከገደሉ ማዶ የመንደሯ ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው እስከ መኪናው መንገድ አወጧት፤ ከዚያ አምቡላንሱ አመጣት። እናቷ ከኋላ «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» እያሉ ይከተላሉ። ተረኞቹ ሲስተር ጽጌና እኔ ነበርን። ከቀትር በኋላ ነው፤ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ አልጋው ላይ ወድቃለች። ዘሃራ ስትጮህ ሲስተር ጽጌ «አብሽሪ የኔ ልጅ፣ አብሽሪ» ይሏታል። ክርስቲያኗ ሲስተር ጽጌ «አብሽሪ»ን፣ የእኛን «አይዞሽ»፣ የሚሉት ልክ እንደ አንቺ አስረዝመው ነው።

ሕፃኑ ወጣ። አላለቀሰም። እንደ ራሰ ጨርቅ በሲስተር ጽጌ መዳፍ ላይ ተዘርግቶ ቀረ።

እማዬ፣ አሁን የምጽፍልሽን ልብ ብለሽ ስሚኝ። ቀኝ እጃቸው ተነሳ። ወደ ሕፃኑ ቁርጭምጭሚት ሄደ፤ ሁለቱን እግሮች ሊይዝ ጣቶቹ ተከፈቱ። ልጮህ አፌን ከፈትኩ። እጁ እዚያው በአየር ላይ ቆመ። ስንቱን ዘመን ያለ ጥያቄ የወረደ እጅ፣ ከእግሮቹ አንድ ስንዝር ሲቀረው፣ ማንም ሳይነካው ቆመ። ከዚያም ዞረ፤ ከጎናቸው ያለውን ደረቅ ጨርቅ አነሳ።

«እሺው!» አሉኝ፤ «ጀርባውን!» አደረቅነው፣ አሸሁት። ምንም። እትብቱን ቆርጠን ወደ ጠረጴዛው አመጣነው። ጭንብሉን እሳቸው ያዙ፣ እኔ ፊኛውን ጨመቅሁ። ደረቱ አልተነሳም። «አልተነሳም» አልኩ። «አይቻለሁ!» ብለው አገጩን ትንሽ ቀና አደረጉት፣ ጭንብሉንም እንደገና አስቀመጡት። ዘሃራ ከአልጋው ላይ «ምነው ዝም አለ? ልጄ ምነው ዝም አለ?» ትላለች። ሲስተር ጽጌ ዓይናቸውን ከሕፃኑ ሳይነቅሉ «አብሽሪ፣ እየተማረ ነው» አሏት።

ጨመቅሁ። ያቺ ጡጫ የማታህል ደረት ከፍ አለች። ዝቅ አለች። ደግሞ ከፍ አለች። ትምህርት ቤት በሥዕል አይቼዋለሁ፣ በአሻንጉሊትም አይቼዋለሁ። ከእጄ የወጣ አየር የሰው ደረት ሲያነሳ ግን ያየሁት ያን ቀን ነው። ሁላችንም አንድ ጊዜ እንዲህ መጀመራችንን አስቤ አላውቅም ነበር። ግራጫው ቆዳ ከደረቱ ጀምሮ እየቀላ ወደ ከንፈሩ ወጣ፤ ጎህ እንደሚቀድ። መጀመሪያ ሳል የመሰለች ነገር፣ ቀጥሎ የድመት ድምፅ፣ ከዚያ ለቅሶ! የዘሃራ እናት እዚያው በሩ ላይ ተንበርክከው ሱጁድ ወረዱ። ሲስተር ጽጌ ሕፃኑን ዘሃራ ደረት ላይ አስተኝተው ስመ ሥላሴ ጠሩ። እኔ የማለቅስበት ጥግ እየፈለግሁ ነበር።

በኋላ ሲስተር ጽጌን ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ቀኝ እጃቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው እንደ ሌላ ሰው እጅ ያዩታል። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «እናትሽ ናት የያዘችኝ» አሉኝ። «እጄ ሊይዘው ሲል ‹ላፍርሰው› ያለችው ቃል ጆሮዬ ላይ መጣ። ባትናገር ኖሮ እመታው ነበር።» ወደ እኔም ዞሩ፤ «ጭንብሉ በመጀመሪያው አልያዘልኝም፣ አየሽ? እጄ ረስቶታል። ረቡዕ ስንት ሰዓት ነው ያልሽው?»

«ስምንት ሰዓት» አልኳቸው።

«እመጣለሁ። ግን ስታስተምሪ አትጩሂ። አረጀን እንጂ አልደነቆርንም።»

እማዬ፣ የዲፕሎማ ትምህርቴ ስለ ልብና ስለ ሳንባ ብዙ ነግሮኛል። አንዲት ሴት በሞተች በዓመት ከመንፈቋ የሌላ ሰው እጅ በአየር ላይ እንዴት እንደምትይዝ ግን አልነገረኝም። ስናስተምር ቃል የምናቀብል ይመስለኝ ነበር። ለካ ከቃሉ ጋር እጃችንንም ነው የምንሰጠው! አንቺ በዚያ ክፍል ማንም ባላሰበው ቀን ስምሽን ስታፈርሺ፣ ገና ያልተፀነሰው የዘሃራ ልጅ እየተጠበቀ ነበር።

ረቡዕ ተመልሷል። ሲስተር ጽጌ ከፊት ወንበር ይቀመጣሉ፣ ማንንም አያሳርፉም፤ ከየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ልጆችም መምጣት ጀምረዋል። በሚቀጥለው የምንማረው ከወሊድ በኋላ ስለሚፈስ ደም ነው። እኔ ከመጽሐፍ የማውቀውን አውቃለሁ፤ መንገድ ሲቆረጥና አምቡላንስ ሲዘገይ እዚህ ተራራ ላይ ምን እንደሚደረግ ግን ገና ብዙ ይቀረኛል።

ስለዚህ በወግዲም በደጎሎም በመካነ ሰላምም ያላችሁ፣ ከእናቴ ጋር የሠራችሁ፣ ጡረታ የወጣችሁም ገና የተቀጠራችሁም፣ እባካችሁ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ኑ። ዕውቀታችሁን ብቻ ሳይሆን ያፈረሳችሁትንም ይዛችሁ ኑ፤ ከእሱ የበለጠ የሚያስተምር አላገኘሁም። መምጣት የማይሆንለት ይጻፍልን፣ ለተሰበሰበው ሰው አነብለታለሁ።

አንቺን ግን እማዬ፣ የማስታውስሽ በዕንባ ብቻ አይደለም። አንድ ቀን እኔም ዛሬ እርግጠኛ የሆንኩበት ነገር ስህተት ነው ይሉኛል። ያን ቀን ፊቴን ሳላዞር፣ በሰው ፊት ቆሜ «ላፍርሰው» እላለሁ፤ ይህን ቃል ገብቼልሻለሁ። አላህ ማረፊያሽን ያስፋልሽ።

እናንተ ደግሞ ጻፉልን፤ ሲስተር ሉባባ እናንተን ምን አስተማረቻችሁ?

ልጅሽ