አምስት ዓመት ታገሱ ላሉን የሃመርስ ባለቤት

ለክቡር ሚስተር ኤልስዎርዝ ፔንዳርቪስ
የፖርት ሃሌት ሃመርስ ቤዝቦል ክለብ ባለቤትና ሊቀመንበር
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ትዕግሥት ስላስተማሩን ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ይህች ደብዳቤ እጅዎ በምትገባበት ሰዓት እርስዎ፣ የተከበሩት ባለቤትዎ፣ ልጆችዎና ፎቶግራፏን በጋዜጣ ያየናት አዲሲቱ ጀልባዎ ሁላችሁም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። "ባሉበት" ብዬ መጻፌ ንቀት እንዳይመስልብኝ፤ ክቡርነትዎ ከተማችንን የሚረግጧት በዓመት አንድ ጊዜ፣ ያውም በመክፈቻው ቀን ሪባን ለመቁረጥ ያህል ስለሆነ፣ የት ብዬ እንደምልክልዎት በእውነት ግራ ገብቶኝ ነው። ስለ እኛ ከጠየቁ፣ ከጨዋታው ስድስተኛ ዙር በኋላ ከሚይዘን የሆድ ቁርጠት በስተቀር ሁላችንም ደህና ነን።

ስሜ ቴሬዛ ሃቭራኔክ ነው፤ የሰባት ቁጥር አውቶቡስ ሹፌር ነኝ። ሰባት ቁጥር ስታዲየምዎ በር ላይ የሚያቆመው ነው። ድሮ ጨዋታ ባለ ቀን ሰው እላይ በላይ ተጭኖ፣ አንዱ የሌላውን እግር እየረገጠ፣ እየዘፈነና እየተሰዳደበ ነበር የምወስደው። ክቡርነትዎ ክለቡን ከገዙ ወዲህ ግን አውቶቡሱ እፎይ ብሏል፤ ተሳፋሪው እግሩን ዘርግቶ ይሄዳል፣ የእኔም ጆሮ አርፏል። ለዚህች ብቻ እንኳ ምስጋናዬ ከልብ ነው።

ነገሩ ግን ከእኔ ይልቅ የአባቴ ነውና እሱን ላስተዋውቅዎት። ሚሎ ሃቭራኔክ ይባላል፤ ወደቡ ላይ ክሬን ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ የሰማንያ ሦስት ዓመት ሰው ነው። ክለባችን በታሪኩ አንዲት ዋንጫ አንሥቷል፤ ያኔ አባቴ ወታደር ሆኖ ጀርመን አገር በጦር ሰፈር ወጥ ቤት ድንች ይልጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሚመኘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሃመርስ ዋንጫ ሲያነሡ በገዛ ዓይኑ ማየት። ባለፈው የገና ሰሞን ሐኪሙ ልቡን መርምሮ ቀዶ ሕክምናውን እንደማይችለው፣ ምናልባት ሁለት ዓመት፣ ከበረታም ሦስት ዓመት እንዳለው ነገረን። አባቴ ቤት ስንደርስ ካፖርቱን እያወለቀ፣ "እንግዲህ ቶሎ ማሸነፍ አለባቸዋ" አለኝ።

በዚያው ሳምንት ክቡርነትዎ በቴሌቪዥን ቀርበው የአምስት ዓመቱን መልሶ ግንባታ አበሠሩን። እንግዲህ ቅሬታ ለማለት አፌ ስለማይደፍር ምስጋናዎቼን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ዕቅዱ ራሱ። ክቡርነትዎ በዚያች ሰማያዊ ከረቫትዎ ሆነው እንዳብራሩልን፣ በሊጉ ሕግ መጨረሻ የወጣ ቡድን ከአዲሶቹ ወጣቶች ቀድሞ የመምረጥ ዕድል ስለሚሰጠው፣ ለጥቂት ዓመታት በርትተን ከተሸነፍን ጎበዝ ጎበዞቹን ለቅመን በስተመጨረሻ እናሸንፋለን። ሽንፈት ማለት ለነገ የሚዘራ ዘር ነው ብለውናል። እኔ መቼም የማውቀው ሥራ መንዳት ስለሆነ ነገሩን በራሴ ሥራ መዘንኩት፤ ነገ ጠዋት ተሳፋሪዎቼን ሰብስቤ፣ ለአምስት ዓመት በየቀኑ ገደል ከትቻችሁ በስድስተኛው ዓመት በሰዓቱ አደርሳችኋለሁ ብላቸው መንጃ ፈቃዴ ምሳ ሰዓት አይደርስም ነበር። ክቡርነትዎ ይህንኑ ብለው ተጨበጨበልዎት። ያጨበጨቡት የራስዎ ሠራተኞች መሆናቸውን የሰማነው በኋላ ነው፤ ቢሆንም ጭብጨባው የሞቀ ነበር።

ሁለተኛ፣ ስለ ሩበን አልካንታራ። ይህ ልጅ የሯጮች ማረፊያ በሆኑት በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል ለስምንት ዓመት ሲቆም አንዲት ኳስ በእግሮቹ መሃል ሾልካ አላለፈችም ብል ብዙ አላጋነንኩም። አግብቶ፣ ወልዶ፣ በእኛ ሰፈር ቤት ገዝቶ የሚኖር፣ በረዶ ሲጥል የጎረቤቱን ደጅ ጭምር የሚጠርግ ሰው ነበር። ክቡርነትዎ ዕቅዱን ከማብሠርዎ በፊት፣ አምና ሐምሌ ላይ ለባላንጣዎቻችን ሰጡትና በምትኩ "ስሙ ወደፊት የሚገለጽ ተጫዋች" ተቀበሉ። ይህ በቤዝቦል የቆየ ልማድ መሆኑን አላጣሁትም፤ ሁለት ክለቦች ተጫዋች ሲለዋወጡ ያልተስማሙበትን ለኋላ ያቆያሉ። ነገር ግን በስንት ዓመቴ ሙሉ ሰው ተሰጥቶ ስም እንኳ የሌለው ሰው ሲገባ ያየሁት በእርስዎ ዘመን ነው።

አባቴም ሆዬ ተስፋ አያልቅበትምና ሰውየውን መጠበቅ ጀመረ። ጠዋት ሬዲዮ ከፍቶ፣ ማታ ስልክ ደውሎ፣ "ስሙ ታወቀ?" ይለኛል። ፀጉር አስተካካዩ ዱዌን ፕሪሉትስኪ ጋ ያሉት ሽማግሌዎች መጫወቻ አደረጉት፤ ገና በሩን ሲከፍት፣ "ሚሎ፣ ያ ስም የለሽ ልጅህ ትናንት ሁለት ጊዜ አሳምሮ መታ አሉ" ይሉታል። አባቴም አያፍርም፤ ስሙን ያልነገሩን ትልቅ ሰው ቢሆን ነው፣ ዝም ብሎ ሰው እንዲህ አይደበቅም እያለ ይከራከራቸው ነበር። ኅዳር መጨረሻ ላይ በምስጋና ቀን በዓል የቱርክ ዶሮ ልንቆርስ ስንል ስሙ ተገለጸ። ኮርቢን ታት የሚባል ኳስ ወርዋሪ ነበር። በማግሥቱ ደግሞ ይኸው ኮርቢን ታት ቤዝቦል በቃኝ ብሎ ቤት ለማሻሻጥ ወደ አሪዞና መሄዱ ተነገረ። አልካንታራን የሚያህል ሰው ሰጥተን ደላላ አተረፍን፤ ያውም ለሌላ ከተማ። ልጁ መልሶ ግንባታውን በአንድ ቀን ስለጨረሰ ግን ልምዱን ለክለቡ ቢያካፍል መልካም ነበር እላለሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ ትልቁ ስክሪን። ተጫዋች ለመግዛት አቅም ያጣው ክለብዎ ከሜዳው በላይ የፎቅ ቤት የሚያህል ስክሪን መትከሉ አስደስቶናል፤ ስንሸነፍ ቢያንስ በግልጽ ይታየናል። በሚያዝያ ወር አሥራ አንድ ለዜሮ እየተመራን ሳለ የእርስዎ ካሜራ አባቴን አገኘው። አባቴ ደግሞ የልብ መድኃኒቱ ስለሚያደክመው አገጩን ደረቱ ላይ ጥሎ እንቅልፍ ወስዶት ነበር። ሠራተኞችዎ ይህን ምስል በስክሪኑ ላይ አውጥተው ከሥሩ "እምነት ማለት ይህ ነው፤ እሱ ከጠበቀ እርስዎም ይጠብቁ" ብለው ጻፉበት። ደስ ስላላቸውም ነው መሰለኝ፣ ከዚያ ወዲህ በየጨዋታው በሦስተኛው ዙር ላይ ያወጡት ጀመር። አባቴ መጀመሪያ ሲያየው ማን እንደሆነ አላወቀም፤ "ይኼ ሽማግሌ ሞቷል እንዴ?" አለኝ። ራሱ መሆኑን ስነግረው ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ቆሽቴ አርሮ ወደ ቢሮዎ ደወልኩ። የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛዎ ፎቶው በሕዝብ ዘንድ በጣም መወደዱን ገልጻልኝ፣ አባቴን በክለቡ ስም አመስግናልኝ፣ ስልኩን በትሕትና ዘጋችብኝ። በሞት ጥላ ሥር ያለን ሰው ፊት የትዕግሥት ማስታወቂያ ማድረግ ለማንም አይመጣም፤ ለክቡርነትዎ ሰዎች ግን መጣላቸው።

አራተኛው ላይ ቀልዴ ያልቃል፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

በሰኔ ወር በአንድ እሑድ ከሰዓት፣ ከሊጉ መሪዎች ጋር ስንጫወት ባልታሰበ ሁኔታ አራት ለአንድ መምራት ጀመርን። ኳሱን የሚወረውርልን ዴሻውን ሪክስ የሚባል ለግላጋ ልጅ ነበር። ያን ዕለት ልጁን ምን እንደነካው እንጃ፤ እነዚያ ግዙፎች ዱላቸውን እያወናጨፉ አየር ብቻ ሲመቱ ዋሉ። አባቴ እንቅልፉ ጠፋ። ተነሥቶ ቆመ፣ ባርኔጣውን አወለቀ፣ ከፊታችን የተቀመጡትን የማያውቃቸውን ሰዎች ጀርባ እየመታ፣ "እዩት እንጂ፣ እዩት!" ይል ጀመር። ከሐኪሙ ቤት ከወጣን ወዲህ ፊቱ እንዲያ ሲበራ አላየሁም ነበር።

ስድስተኛው ዙር ሲጀመር አሠልጣኙ ከመቀመጫው ወጥቶ ወደ ሜዳው መሃል ሄደና ልጁን አስወጣው። ልጁ አልደከመም፣ አልታመመም፤ ምን አጠፋሁ ብሎ እጁን ዘርግቶ ሲጠይቅ ከላይ ሆነን አይተነዋል። በምትኩ የገባው በዚያው ሳምንት ከታችኛው ሊግ የመጣ ምስኪን ነበር፤ ወዲያውም ስድስት አስቆጠሩበት። ምክንያቱን በማግሥቱ ከሥራ አስኪያጅዎ አፍ ሰማን፤ የልጁ ክንድ ለዕቅዱ ዘመን መቆጠብ ስላለበት፣ ዘንድሮ የሚገኝ ድልም ለክለቡ የረጅም ጊዜ ጥቅም ስለማያመጣ መሆኑን በኩራት አስረዳን። ስለ ግልጽነቱ እናመሰግናለን።

ክቡር ሆይ፣ እኛ ቤት አንድ ሕግ አለ፤ የመጨረሻው ተጫዋች ሳይወጣ ከስታዲየም አይወጣም። አባቴ እናቴ እኔን ልትወልድ ምጥ በያዛት ቀን እንኳ ዘጠነኛውንና የመጨረሻውን ዙር ጨርሶ ነው የመጣው፤ እናቴም እስክትሞት አልረሳችለትም። ያን እሑድ ግን ስድስተኛው ነጥብ እንደተቆጠረ ከዘራውን ፈለገ።

"ተነሺ፣ እንሂድ" አለኝ።

መጸዳጃ ቤት መስሎኝ ነበር። ደረጃውን ቀስ እያልን ወርደን መውጫው በር ስንደርስ፣ እዚያ ቆማ የምታስተናግደው ኦዴሳ ብራምሌት አየችንና ደነገጠች። አባቴን ከወጣትነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። ተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች መጥታ፣ "ሚስተር ሚሎ፣ ምን ሆንክብኝ? አመመህ እንዴ?" አለችው።

"አላመመኝም፣ ኦዴሳ። በቃኝ።"

ኦዴሳ ወንበሩን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ዘወር ብዬ ሳያት ዓይኗን በዩኒፎርሟ እጅጌ ትጠርግ ነበር።

አውቶቡስ ውስጥ አጠገቡ ተቀምጬ፣ አባዬ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ይሻላል ልለው ስል እሱ ቀደመኝ። "መሸነፍማ ስንሸነፍ ኖረናል፣ ምን አዲስ ነገር አለው። አውቀው ሲሸነፉ ግን ቁጭ ብዬ አላይም" አለኝ። በማግሥቱ የሃመርስን ባርኔጣ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ለጎረቤታችን ለቲሞኒ ሰጠው። ቲሞኒ አትክልት ሲኮተኩት ለፀሐይ ያደርገዋል።

ስለዚህ ክቡርነትዎን የማመሰግነው ለመጨረሻ ጊዜ ነው። አባቴ ዋንጫውን ሳያይ ይሞታል። ለዚህ እንኳ እርስዎን አልከስም፤ በዚህች ከተማ ብዙ ደግ ሰው ሳያይ ሞቷል። ሁሉም ግን የሚቀጥለው ዓመት የእኛ ነው እያሉ ነው የሞቱት፤ አልጋቸው ላይ ሆነው ሬዲዮ ክፈቱልን ይሉ ነበር። የእኔ አባት ሬዲዮውን ዘግቶታል። ክለቡን ገዝተዋል፣ ሜዳውን ገዝተዋል፣ ይሁን፤ ይህቺ ተስፋ ግን የእርስዎ አልነበረችም። እርስዎ ሳይወለዱ የእኛ ነበረች። እሷንም በልተው አፍዎን ጠረጉ፤ ከዚያም ታገሱ አሉን።

በሉ እንግዲህ ብዙ ሥራ የሚጠብቅዎትን ሰው አላስቸግርዎት። ዕቅድዎ ይስመር፣ ጀልባዎ ማዕበል አይንካት፣ በአምስተኛው ዓመት ዋንጫውን ሲያነሡም ከጎንዎ ሆኖ የሚያጨበጭብልዎት ሰው ይዘዙልኝ፤ ከእኛ መንደር እንደማያገኙ ከወዲሁ ባሳውቅዎት ይሻላል ብዬ ነው።

ላደረጉልን ሁሉ በእጅጉ ከሚገባዎት አክብሮት ጋር፣

ቴሬዛ ሃቭራኔክ
የሰባት ቁጥር አውቶቡስ ሹፌርና የሚሎ ልጅ
ፖርት ሃሌት

ማስታወሻ፦ አባቴ ቤዝቦል ተወ ብለው እንዳያዝኑ። ማክሰኞ ማክሰኞ በሰፈራችን ያለው የአንድ ትምህርት ቤት የሴቶች ቡድን ሲጫወት እወስደዋለሁ። ባለፈው ሳምንት አሥራ አራት ለሁለት ተሸነፉ፤ ያቺ ሦስተኛ ቤዝ ላይ የምትቆመው ልጅ ኳስ ለመያዝ ተወርውራ ጉልበቷ ተላጠ፣ ሲሸነፉም ሁሉም አለቀሱ። አባቴ እስከ መጨረሻዋ ኳስ ተቀምጦ መዳፉ እስኪቀላ አጨበጨበላቸው። የትምህርት ቤቱን ስም ግን አልጽፍልዎትም፤ ሰምተው ይገዙታል ብዬ እፈራለሁ።