ሦስተኛው እግር

ወንድሜ ኦጁሉ፣

ከተለየኸን አምስት ወር ሞላ። ያኔ ባሮ ጎድሎ አሸዋው ላይ ኳስ እንጫወት ነበር፤ አሁን ያ ሜዳ በሙሉ ውኃ ነው። በአማርኛ የምጽፍልህ ቋንቋችንን ረስቼ አይደለም። የእንጨት ሥራን ያስተማርከኝ በአማርኛ ነው፤ መሮ፣ ስኳድራ፣ ሰጋቱራ የሚሉትን ቃላት ቤታችን ውስጥ ከአንተ ሌላ የሚናገራቸው አልነበረም። የምነግርህም የእንጨት ነገር ነው።

እናታችን አልጋህን ለአክስታችን ልጆች ሰጠች። ጸሎት ቤት ትሄዳለች፣ ግን አትዘምርም። ሰው ሲጠይቃት «ወባ ወሰደብኝ» ትላለች። 

ጠረጴዛዬን ታስታውሳለህ? ወለላችን አፈር ስለሆነ የድሮው በተነካ ቁጥር ይወድቅ ነበር። አንተ እግሮቹ ወደ ውጭ የተከፈቱ፣ ውኃ ሊጠጣ እንደ ጎነበሰ ቀጭኔ የሚቆም ልትሠራልኝ ተነሳህ። «ቀጥ ያለ እግር ማንም ይሠራል፤ ለዘመመ እግር ግን ቀጥ ያለውን ብቻ የሚለካ ስኳድራ አይበቃም» አልከኝ። የሚታጠፈውን መለኪያህን በሚፈለገው ዝንባሌ ላይ በብሎን አጥብቀህ፣ አራቱም እግሮች ተቆርጠው እስኪያልቁ እንዳልነካው አስማልከኝ። በቁርጥራጭ እንጨት ሁለት እግር መቁረጥ ስለማመድ ሁለቱንም ወደ አንድ ጎን አዝምሜ ቆረጥኳቸው። «በል እንግዲህ ሁለት ግራ እግር ያለው ደንበኛ ፈልግ!» ብለህ ሳቅህብኝ።

ያን ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሁለቱን ጨርሰህ ሦስተኛውን ስትጀምር ብርድ ብርድ አለህ። በዚያ ሙቀት ሹራብ ደረብክ። ጤና ጣቢያ ልሂድ አልክ። እሑድ ጓደኞቼ ለጥናት ሊመጡ ነበር፤ ጠረጴዛውን ላሳያቸው ፈልጌ «ይህችን ብቻ ጨርስልኝና እንሄዳለን» አልኩህ። ፈገግ ብለህ መጋዙን አነሳህ። ስትጨርስ ጤና ጣቢያው እስከ ሰኞ ተዘግቶ ነበር። ቅዳሜ ከአልጋህ አልተነሳህም። እሑድ ጓደኞቼ መጡ፤ የመጡት ግን ለለቅሶ ነው።

ለጠረጴዛው ገጽ ያለሰለስከውን የዋንዛ ጣውላ የሥራ ጓደኞችህ ለሣጥንህ ፈለጉት። የእኔ ስለነበር አስፈቀዱኝ። ውሰዱት አልኳቸው።

ባለፈው ሳምንት መለኪያህን አወጣሁት። ብሎኑ እንዳጠበቅከው ነበር። አራተኛውን እግር በእሱ ቆረጥኩ፤ ግራና ቀኙን ደጋግሜ አይቼ ነውና ልክ መጣ። እምቢ ያለው ሦስተኛው ነው። በጫፉ የተቀረጸው ምላስ ገጹን በሚሸከመው ክፈፍ ላይ ወዳለው ቀዳዳ ሲገባ በአንድ ጎኑ ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ይተዋል። የአንተ መጋዝ መስመር ስቶ አያውቅም፤ እዚያ ላይ ግን ተንቀጥቅጧል። ብርዱ የት ጋ እንደ ጠናብህ በጣቴ ዳስሼ ማወቅ እችላለሁ።

ሰጋቱራ በኮላ ለውሼ ልደፍነው ነበር። አንተ ይህን ትጠላ ነበር፤ «የተደፈነ ነገር ዓመት ሳይሞላው ይረግፋል፤ ያበላሸኸውን ሰው ይየው» ትል ነበር። ልውሱን እንደያዝኩ እናታችን ገባች። ክፍተቱን በጣቷ ነካችው።

«ኦጁሉ እንዲህ አይቆርጥም። ይህን ያበላሸኸው አንተ ነህ?»

አዎ አልኳት። ከዚያ ስለ ዓርቡ ሁሉንም ነገርኳት፤ ሹራቡን፣ ጤና ጣቢያውን፣ ያልኩህንም። አልመታችኝም፤ አላጽናናችኝምም። እግሩን በሁለት እጇ ይዛ ብዙ ቆመች። ከዚያ ወንዙ ዳር ወርዳ እስኪመሽ አልተመለሰችም። እስከ ዛሬ ስለዚያ ቀን አንድ ቃል አልተናገረችም፤ እራቴን ግን ታስቀምጥልኛለች።

ልውሱን ደፋሁት። ገጹ አሁን ተራ ቺፑድ ነው፤ ብደገፈውም አይወድቅም። ትምህርት እስክጨርስ፣ ከዚያም በኋላ፣ በዚህ ጠረጴዛ ላይ እጽፋለሁ፤ ክፍተቱን እኔም አልደፍነውም፣ ማንም እንዲደፍነው አልፈቅድም። ስጽፍ ሦስተኛው እግር ጉልበቴን ይነካኛል። አሁንም እየነካኝ ነው።

ታናሽህ ኦባንግ