የዘይነት ክፍልፋዮች

መጋቢት 4 ቀን 1970

ከትምህርት በኋላ እንደ ልማዴ ፋሲሎ ሰፈር፣ እነዘይነት ጨርቅ ሱቅ። የስድስተኛ ክፍል ተማሪዬ ናት። ጎበዝ ናት፤ ግን ክፍልፋይ በጽሑፍ ሲመጣባት ትደነግጣለች። የሚኒስትሪ ፈተና ደግሞ ደረሰ።

«ጋሼ አለበል፣ ማባዛት ማብዛት አይደለም እንዴ? ተባዝቶ እንዴት ያንሳል?»

በጨርቅ ላሳይሽ፣ አልኋት።

አባቷ አቶ ጀላሉዲን አቡጀዲ አወረዱልን። አራት ቦታ አጠፍነው። «ሦስት አራተኛው ቀረ። ከቀረው ሁለት ሦስተኛው ተሸጠ። ከጠቅላላው ስንት እጅ ተሸጠ?» እጥፋቶቹን በጣቷ ነካክታ «ግማሹ!» ብላ ጮኸች። የክፋይ ክፋይ ስለሆነ ነው የሚያንስ፣ አልኋት። በቁጥር እንድትሠራው ጥያቄውን ወረቀት ላይ ጽፌ ሰጠኋት።

መጋቢት 6

ሐይቁ ዳር ሦስት ሬሳ ተጥሎ አደረ። ደረታቸው ላይ ወረቀት ተለጥፏል። ልጆቹ በዚያው በኩል መጡ። አስተማርሁ... ምን እንደሆነ እንጃ።

መጋቢት 13

እጄ ብዕር መያዝ የቻለው ዛሬ ነው።

ሐሙስ ዕለት አብዮት ጠባቂዎች ዘይነትን መንገድ ላይ ፈትሸው ያቺን ወረቀት አገኙ፤ የምስጢር መልእክት መሰላቸው። እኔን ከክፍል ጎትተው ቀበሌ ወሰዱኝ።

«ሦስት እጅ ቀረ ማለት ምንድን ነው? ስንት ሰው ነው?» ያለኝ ቢያዝን ነው፣ የጠባቂዎቹ አለቃ።

«ሒሳብ ነው።»

እጅና እግሬን አስረው ወፌ ላላ ሰቀሉኝ። ውስጥ እግሬን ገረፉኝ።

«የተሸጠውስ ማን ነው?»

«አቡጀዲ!»

ሳቁ። እንደገና ገረፉ። ፊቴንም መቱኝ፤ ጥርሴ ወለቀ።

አውርደው ወለሉ ላይ ጣሉኝና ዘይነትን አስገቧት። የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ። እሷም «ሒሳብ ነው» አለች። ቢያዝን በጥፊ ግራ ጆሮዋን መታት፤ ከግድግዳው ተላትማ ወደቀች። ጮኽሁ? አላውቅም።

የቀበሌው ጸሐፊ አምባቸው ነው «ሒሳብ ከሆነ ትሥራው» ያለ። ሌላ ጥያቄ ሰጣት። «ከአንድ ኩንታል ገብስ አራት አምስተኛው ተፈጨ። ከተፈጨው ግማሹ ለሚሊሺያ ስንቅ ሄደ። ከኩንታሉ ስንት እጅ ሄደ?»

ጠመኔ ይዛ ሲሚንቶው ላይ ተንበረከከች። ከጆሮዋ ደም በአንገቷ ይወርዳል። አራት በአንድ፣ አራት። አምስት በሁለት፣ ዐሥር። ቆም አለች... ከንፈሬን ባንቀሳቅስ ቢያዝን አፌን በጫማው ረገጠኝ።

«ሁለት አምስተኛ» አለች።

አምባቸው ወረቀት አውጥቶ ሠራው። «ልክ ናት» አለ።

እሷን ያኔውኑ ለቀቋት፣ እኔን ሰኞ። አብሮኝ የታሰረው የፋብሪካ ሠራተኛ ወልደ ገብርኤል ቅዳሜ ተጠርቶ ወጣ። አልተመለሰም። እሱን ማን ሒሳብ ጠየቀው?

መጋቢት 20

አቶ ጀላሉዲን ሊጠይቁኝ መጡ። «ትምህርቱ ይቅርባት ብል እምቢ አለችኝ» አሉ። ማርና ቅባት አምጥተውልኛል። ይቅርታ ልጠይቃቸው ነበር። አለቀስሁ። እሳቸውም።

ሚያዝያ 2

በዱላ ተደግፌ ክፍል ገባሁ። ዘይነት ፊት ወንበር ላይ ናት። ግራ ጆሮዋ ከእንግዲህ አይሰማም፣ ሐኪሙ ቁርጡን ነግሯቸዋል።

ልጆቹ ሲወጡ እሷ ቀረች። ጥያቄ በወረቀት መስጠት ትቻለሁ። ጎንበስ ብዬ በቃሌ፣ በሹክሹክታ ነገርኋት።

«ጋሼ፣ አልሰማሁም። ጮክ ይበሉ።»

ወደ በሩ አየሁ። በቀኝ ጆሮዋ በኩል ዞሬ፣ ድምፄን ሳላነሣ ደገምሁላት።