ሶዳ ላይሙ ነጭ ስለሆነ አይቀየርም ስለመባሉ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ዋና ዳይሬክተር፣

ጤናዎ የተሟላ፣ ትንፋሽዎም እንደልብ የሚገባና የሚወጣ ይሁንልዎ እያልኩ፣ በቀዶ ሕክምና ክፍልዎ አሥራ አንድ ዓመት ሰመመን የሰጠሁ ነርስ፣ የፊታችን ሰኞ ደግሞ በዚያው ክፍል የመጀመሪያዋ ታካሚ ሆኜ የምተኛ ሴት፣ ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብ እወዳለሁ።

፩ኛ. የሰመመን ማሽናችን የኦክስጅን መዝጊያ ከላላ ወዲህ የጥገና ኃላፊው «እንዳትነኩት» የሚል ወረቀት ስለለጠፉበት፣ ኦክስጅኑ ከዓርብ ሥራ መውጫ እስከ ሰኞ ጠዋት ያለ ከልካይ ሲነፍስ ይከርማል። ታካሚው ያስወጣውን አየር የሚያጠሩት፣ ሶዳ ላይም የምንላቸው እንክብሎችም እርጥበታቸው ተሟጦ ክው ብለው ይደርቃሉ። እኛ የምንጠቀምበት የሰመመን ጋዝ በደረቁ እንክብሎች ሲያልፍ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣዋል፤ ቤት ዘግተው ከሰል ያቀጣጠሉ ሰዎችን እንደተኙ የሚያስቀር ያው መርዝ ነው።

፪ኛ. የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊው፣ ዕድሜ ይስጣቸውና፣ እንክብሉ አገልግሎቱን ሲጨርስ እንደሚሆነው ሐምራዊ ሆኖ ካላዩ አዲስ አይሰጡም። የደረቀው ግን ነጭ እንደሆነ ቀርቶ እንደሚያታልል በቃልም በጽሑፍም ባስረዳቸው፣ «እህቴ፣ ነጭ ነገር ምኑ ያስፈራል?» ብለው አሰናበቱኝ። እርስዎም በማመልከቻዬ ጥግ «በመመሪያው መሠረት» ብለው ስለጻፉልኝ እጅ እነሳለሁ።

፫ኛ. ጣት ላይ የምንሰካው መለኪያ መርዙን ከኦክስጅን ስለማይለይ፣ ታካሚው እየተመረዘም ዘጠና ዘጠኝ ያሳያል፤ ሪፖርትዎ አይበላሽም። ባለፈው ወር አንድ ሰኞ የተኙ አባት ሲነቁ የልጃቸው ስም ጠፋባቸው፤ መዝገቡ ላይ «በእርጅና» ተባለ። ያን ቀን ማሽኑን የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

ቀጠሮዬን ብተው ተራ የሚደርሰኝ ከመንፈቅ በኋላ ነው፤ የማህፀኔ ዕጢ ደግሞ ቀን አይሰጥም። በአቅራቢያችን ሌላ ሆስፒታል የለም። ሰመመን የምትሰጠኝ ያስተማርኳት ባልደረባዬ ስትሆን፣ ያለ ፈቃድ እንክብል እንዳትቀይር የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደርሷታል። እያወቁ አለቁ የተባለው ለእኔ ነው። ክቡር ሆይ፣ ፈርቻለሁ።

በመመሪያዎ ጥላ ሥር በጀርባዋ ለመተኛት ከምትሰናዳ፣ ሳይፈቀድላት ከማትወጣም ከማትገባም፣ ታዛዥ የሰመመን ነርስዎና የሰኞ ታካሚዎ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር።

ድኅረ ጽሑፍ፦ አምና የሐሞት ጠጠርዎ የወጣው ሰኞ ጠዋት ነበር። እርስዎ ከመግባትዎ በፊት፣ በክፍላችን የቀረችውን የመጨረሻ እሽግ ማንንም ሳላስፈቅድ ከፍቼ እንክብሉን ቀይሬልዎታለሁ። መመሪያውን ስለጣስኩ ይቅርታዎን እለምናለሁ።