ሰኞ፣ ሰኞ፣ ሰኞ፣ ሰኞ፦ ስለ መስኮቱ አራት ስክሪኖች

ለአራቱ ቦዮች የመስኖ ውሃ ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት
ኃላፊና የግዥ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ለክቡር አቶ ተሰማ
ሸዋ ሮቢት
ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 2005 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ የቀትሩ ሙቀት ሳይከብድዎት፣ የቢሮዎ ቬንቲሌተርም መብራት ሳይጠፋበት፣ እርስዎም ቤተሰብዎም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ምናልባት ስሜ ከጠፋዎት፣ ዓምና በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄ በመሥሪያ ቤትዎ የስድስት ወር ኮንትራት የያዝኩት፣ በስብሰባ ላይ «ያቺ የኮምፒውተሯ ልጅ» የሚሉኝ ሐምዲያ አደም ነኝ።

ይህን በግልጽ የምጽፈው ክብርዎን ለመንካት አይደለም። በዚህ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ማመልከቻ አስገብቼ፣ ሦስቱም መዝገብ ቤት በሰላም እንዳረፉ ስላረጋገጥኩ፣ አራተኛው ትንሽ አየር ያግኝ ብዬ ነው።

መንገድ ላይ ቆሞ የሚያነብ ሰው እንዳይቸገር ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። የወንዛችን ውሃ በቀን ከአንድ ቦይ በላይ አያጠጣም። ስለዚህ አራቱ ቦዮች ተራቸውን በየሳምንቱ በዕጣ ይከፋፈላሉ፤ የዚህ ሳምንት ሰኞ የሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ ሊሆን ይችላል። ዕጣውን እያወጡ ለገበያተኛው ሲናገሩ የኖሩት የውሃ አባታችን ጋሼ ጀይላን ናቸው። ድምፃቸው ሲደክም አይቼ፣ በቢሯችን መስኮት ላይ አንድ ኮምፒውተርና አራት ስክሪን ይቀመጥ፣ እያንዳንዱ ቦይ ቀኑን ከራሱ ስክሪን ያንብብ የሚለውን ሐሳብ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ጥፋቱ እንግዲህ ከእኔ ይጀምራል። አሁን ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

1ኛ. ለግዥ መመሪያው ስላሳዩት ታማኝነት አመሰግናለሁ። አንድ ኮምፒውተር በአራት ስክሪን ላይ አራት የተለያየ ነገር እንዲያሳይ አራት መውጫ ያለው ግራፊክስ ካርድ ይፈልጋል፤ ያ ከጠፋ ባለ ሁለት መውጫ የሆኑ ሁለት ተራ ካርዶች ይበቃሉ። ፊደልና ቁጥር ለማሳየት ቁም ነገሩ የካርዱ ፍጥነት ሳይሆን የመውጫው ብዛት ነው ብዬ በዝርዝሩ ላይ አድምቄ ጽፌ ነበር። ኮሚቴዎ ግን ባለ አራት መውጫውን የሚያቀርብ ሱቅ አንድ ብቻ ሆኖ ሲያገኘው፣ ሦስት ፕሮፎርማ ያልተሟላበት ግዥ አይፈጸምም ብሎ፣ ተወዳዳሪ እንዲበዛ «አራት መውጫ» የሚለውን ሰረዘው። የእኔንም ሁለተኛ አማራጭ አብሮ ሰረዘው። በምትኩ «ጥራቱን የጠበቀ ካርድ» ተብሎ ተጻፈ። ወዲያው ሦስት ሱቆች ተገኙ፤ ሦስቱም የማይሆነንን ካርድ በፍጹም እኩልነት አቀረቡ።

2ኛ. ከሦስቱ መካከል ሲመርጡ ለአየር ጠባያችን ያሳዩትንም አሳቢነት አልረሳሁም። የኮሚቴው አባል አቶ ሙሉቀን ካርቶኑን አንስተው አይተው፣ ለእኛ ቆላ ባለ ሁለት ማራገቢያው ይሻላል አሉና ጸደቀ። ካርዱ ለጌም የተሠራ ነው፤ ካርቶኑ ላይ ጎራዴ የመዘዘች ሴት አለች። መሰኪያው ሦስት ቢመስልም በአንድ ጊዜ የሚሠሩት ሁለቱ ብቻ እንደሆኑ በካርቶኑ ጎን በደቃቁ ተጽፏል። ያንን ጎን ያየው አልነበረም። ማራገቢያዎቹ ግን፣ እውነት ለመናገር፣ ጥሩ አድርገው ይነፍሳሉ።

3ኛ. ከሁለቱ መውጫ አንዱ በረጅም ገመድ ወደ ጠረጴዛዎ መሄዱም ተገቢ ነው። ኃላፊ ሥራን በቅርብ መከታተል አለበት።

4ኛ. በቀረችው አንዲት መውጫ አራት ስክሪን እንዴት ይሰካል ብዬ ስጨነቅ፣ ባለሙያ አስመጥተው ስፕሊተር የሚባለውን ዕቃ አስገጠሙልኝ። ይህ ዕቃ አንዱን ምስል ለአራት ያባዛል እንጂ አራት ምስል አይፈጥርም ብዬ ስነግርዎት የመለሱልኝን ደብተሬ ላይ አስፍሬዋለሁ፦ «ልጄ፣ አንድ ሰው አምስት ሰው ካደራጀ፣ አንድ ገመድ አራት ስክሪን አያቅተውም።» ዩኒቨርሲቲ ይህን ሳያስተምረን ነው ያስመረቀን።

5ኛ. ባለፈው ቅዳሜ በገበያው ፊት ሪባኑ ሲቆረጥ የነበረውን ድምቀት መቼም አልረሳውም። በስክሪኖቹ ግርጌ የቦዮቹ ስም በወረቀት ተለጥፏል፤ የላይኛው ቦይ፣ የሾላው ቦይ፣ የመስጊዱ ቦይ፣ የታችኛው ቦይ። ከወረቀቶቹ በላይ ደግሞ በደማቅ አረንጓዴ ሰኞ፣ ሰኞ፣ ሰኞ፣ ሰኞ ይላል። ሰኞ የወጣው ለላይኛው ቦይ ብቻ ነበር፤ ስፕሊተሩ ያባዛው የእሱን ምስል ነው። እንግዶቹ ግን አራቱም መብራታቸውን አይተው አጨበጨቡ። ጋሼ ጀይላን ሊናገሩ ሲነሱ የምስጋና ሰርተፊኬት ተሰጥቷቸው እንዲቀመጡ ተደረገ። ከዚያም እርስዎ፣ ከእንግዲህ ውሃው ለሁሉም እኩል ይደርሳል ብለው ተናገሩ። ገበሬው ንግግርዎን ሰማ፣ ስክሪኑን አየ፣ ሁለቱ ስለገጠሙለት አመነ። የባለሥልጣን ንግግር በአንድ ቀን ይህን ያህል ሲታመን አይቼ አላውቅም።

ሰኞ ጠዋት የአራቱም ቦይ ሰው አካፋውን ይዞ ወጣ። አራቱም በር ተከፈተ። ለአንድ የምትበቃው ውሃ ለአራት ተከፍላ የማንንም ማሳ እኩሌታ ሳታርስ ቀረች። ከመስጊዱ ቦይ አብዱልፈታህ፣ ከሾላው ቦይ ጋሼ ታደሰ፣ የልጆቻቸውን ሠርግ አብረው የደገሱ ሰዎች፣ አካፋ ተማዘው በሽማግሌ ተላቀቁ። ሐሙስ፣ የታችኛው ቦይ እውነተኛ ቀን፣ ተራዬ አልፏል ብሎ ሁሉም ቤቱ ዋለ። ውሃው ጠያቂ አጥቶ ቀኑን ሙሉ ወደ ወንዙ ተመለሰ። አዋሽ ደርሶ ከሆነ ሰላምታዎን አድርሶልዎታል።

በታችኛው ቦይ መጨረሻ ላይ ያሉት ጎረቤቴ እትዬ ሳሊሃ ናቸው። ጥቅምትና ኅዳርን ሙሉ በጆግ እያጠጡ ያሳደጉትን የሽንኩርት ችግኝ ወደ ማሳ ያዛወሩት በዚያው ሰሞን ነው። ዛሬ ጠዋት ሄጄ አየሁት፤ ጫፉ ቢጫ ሆኗል፣ መሬቱም ተሰነጣጥቋል። አራቱም ስክሪን አንድ ቀን ሲል ግር አላለዎትም ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። «መንግሥት ውሃ ጨመረልን ብለን እኮ ነው» አሉኝ። ቀጥለውም፣ ድምፃቸውን ሳይጨምሩ፣ «ይህን ሳምንት ካልጠጣ ነቅዬ ለፍየል ነው» አሉ።

6ኛ. ካርዱ እስኪስተካከል ድረስ የአራቱንም ቦይ ቀን በአንዱ ምስል ላይ በሰንጠረዥ ላውጣው፣ የይለፍ ቃሉን ይስጡኝ ብዬ ለምኜዎት ነበር። ምስሉ የሚታዘዘው ከጠረጴዛዎ ነውና። መልስዎ አጭር ነበር፦ «አራቱን ባንዱ ካሳየን፣ ሦስቱ ለምን ተገዙ ሲሉን ምን ልንል ነው?» በዚያው ቀን ለበላይ አካል የተላከው ሪፖርት፣ አራቱ ስክሪኖች መቶ በመቶ አገልግሎት እየሰጡ ነው ይላል። ውሸት የለበትም፤ አራቱም ይበራሉ።

ክቡር አቶ ተሰማ፣ እኔ ማሽኑ ይነሳ የምል ሰው አይደለሁም። ይሠራል፤ አውቃለሁ፤ በወረቀት ላይ ሥዬ አሳይቼዎታለሁ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ሁለተኛ ካርድ የሚገባበት ቦታ ባዶውን ተቀምጧል። ባለ ሁለት መውጫ ተራ ካርድ አንድ ይጨመርልኝ፤ በጠረጴዛዎ ላይ ያለችው መውጫም ወደ መስኮቱ ትመለስልኝ። ሁለትና ሁለት አራት ይሆናል። ስፕሊተሩን ነቅዬ፣ ለእያንዳንዱ ቦይ የራሱን ቀን በግማሽ ቀን ሥራ አወጣለታለሁ። እስከዚያ ግን ቢያንስ ሦስቱን ያጥፉልን። ከሚዋሹ ሦስት ስክሪኖች ጥቁር የሆኑ ሦስት ስክሪኖች ይሻሉናል።

በጠረጴዛዎ ላይ ያለችው ስክሪን ዓይንዎን ሳትጎዳ፣ ሪፖርትዎም ከመቶው አንድ ሳይጎድልበት ለብዙ ዘመን በወንበርዎ ላይ እንዲሰነብቱ እየተመኘሁ፣ የኮንትራቴ ቀሪ ሁለት ወር እስኪያልቅ፣ ወይም ይህን አንብበው እስኪጨርሱ ድረስ፣ ከሁለቱ በሚቀድመው፣

ትሑትና ታዛዥ ሠራተኛዎ
ሐምዲያ አደም

ማስታወሻ፦ ጋሼ ጀይላን የሚቀጥለውን ሳምንት ዕጣ ዛሬ ጠዋት አውጥተዋል። የላይኛው ቦይ ረቡዕ ስለደረሰው አራቱም ስክሪኖችዎ አሁን ረቡዕ እያሉ ነው። በመሆኑም ይህን ደብዳቤ በሦስት ቅጂ አዘጋጅቼ፣ ከመስኮቱ ውጪ ሦስቱን ስክሪኖች እንዲሸፍኑ አድርጌ መስታወቱ ላይ ለጥፌያቸዋለሁ። በእያንዳንዱ ግርጌ የቦዩ ትክክለኛ ቀን በቀይ ማርከር በትልቁ ተጽፏል፤ የሾላው ሰኞ፣ የመስጊዱ ሐሙስ፣ የታችኛው ማክሰኞ። መስኮትዎ ከተመረቀ ወዲህ አራት የተለያየ ነገር ሲያሳይ ይህ የመጀመሪያው ነው። ወረቀቱን የሚገነጥል ሰው ቢልኩ፣ በታችኛው ቦይ ቅጂ ሥር እትዬ ሳሊሃ በርጩማ አስመጥተው ተቀምጠዋል፤ እስከ ማክሰኞ አልነሳም ብለዋል። እሳቸው ደግሞ እንደ እኔ በጽሑፍ አይናገሩም።