ከድንጋዩ ሥር ምንም የለም

እህት ዓለሜ፣ የልጅነት ጓደኛዬ፣

«ወንዝ ጠራ ብሎ የሚፈራ ሰው አለ?» ማለትሽ አይቀርም። እኔ ፈርቻለሁ። ዛሬ ከቤት አከራዬ፣ ከሽማግሌው ዓሣ አጥማጅ ጋር ወንዝ ወርጄ፣ እንደተማርኩት ድንጋይ እየገለበጥኩ ነፍሳት ስፈልግ፣ «ዲግሪ ይዘሽ ትል ለቀማ? ወይ ልጄ!» ብለው ሳቁብኝ። ድንጋዩ ሁሉ የታጠበ ሳህን መስሏል። ከላይ ካለው እርሻ ፀረ አረም ይወርዳል፤ ድንጋዩን የሚያለብሰው አረንጓዴ ነገር ሲሞት ውሃው ጠራ፤ አረንጓዴውን የሚበሉት ትሎች ጠፉ፤ ትሎቹን የሚበሉት ትንንሽ ዓሦችም ተከተሉ። ሽማግሌው ያጠመዱትን ትልቅ ዓሣ ሆዱን ሲሰነጥቁት ባዶ ነው። ሳቃቸው ከፊታቸው ጠፋ። «ታዲያ እኛስ?» አሉኝ።  ሌላ ድንጋይ ገለበጥኩ።

የእኛ አገር ወንዝ ድንጋይ በዚያ አረንጓዴ ነገር እግር ያንሸራትት አልነበር? ባለፈው «ወንዛችን እንደ መስታወት ጠራልሽ» ስትይኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አሁን እንቅልፍ ነሳኝ። አባትሽ ከዓሣው ሌላ ምን አላቸው? ቀድመን ካወቅን ግን የሚደረግ አይጠፋም።

ቦታ አለቀብኝ፤ ቤተሰቡን ሁሉ ሳሚልኝ። ነገ ጠዋት ወርደሽ አንድ ድንጋይ ገልብጪና ከሥሩ ያየሽውን ጻፊልኝ። ምንም ባይኖርም ጻፊልኝ።