ዘጠነኛ ቢ ያላገኘው ስህተት

ውድ ጋሼ፣

ጽሑፍዎ ትናንት ከሰሌዳው ላይ ጠፋ። ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት ብዬ ነው የምጽፈው። ስልክ ደውዬ ነበር። ልጅዎ አንስታ «አባዬ ስልክ ሰልችቶታል፤ ደብዳቤ ከሆነ ግን ያነባል፤ እያረመም ቢሆን» አለችኝ። እንግዲህ ቀይ እስክሪብቶዎን ያቅርቡ።

ጡረታ የወጡ ዕለት ቁልፉን አስረከቡኝ፣ ጠመኔውን አስረከቡኝ፣ «ጨዋ ልጆች ናቸው፣ አያስቸግሩሽም» አሉኝና ቦርሳዎን አንጠልጥለው ሄዱ። ስለ ሰሌዳው አንዲት ቃል አልተነፈሱም። በማግስቱ ገብቼ ዳስተር ሳነሳ ክፍሉ በሙሉ ብድግ አለ። «ቲቸር፣ እንዳይነኩት!» እባብ ያለበት መስሎኝ ዳስተሩን ጣልኩት።

የክፍሉ አለቃ፣ ያ እርስዎ «ጠበቃው» የሚሉት ረጅሙ ልጅ፣ ነገሩን አስረዳኝ። «ጋሼ በየክፍለ ጊዜው ሆን ብለው አንድ ቦታ ይሳሳታሉ። እኛ እንፈልጋለን። ሳናገኝ የቀረንበት ቀን የለም። በመጨረሻው ቀን ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር ሞሉትና ‹እዚህ ውስጥ አንድ ስህተት አለ› ብለው ወጡ። እስክናገኘው አይጠፋም።»

ጥግ ላይ በትልልቅ ፊደል «አይጥፋ» ተብሎ ተጽፏል። የእርስዎ እጅ ጽሑፍ አልነበረም።

ያን ሁሉ ዓመት አንድ ስታፍ ውስጥ ተቀምጠን ይህን ልማድዎን አለመስማቴ ገረመኝ። ክፍልዎ ሲንጫጫ ስንሰማ «ሽማግሌው ዛሬም ልጆቹን አቃታቸው» ስንባባል ኖርን። ለካ ልጆቹ እያረሙዎት ነበር።

ለእኔ የተረፈችኝ በበሩ በኩል ያለች፣ የትራስ ጨርቅ የምታክል ቦታ ነች። እኩልዮሽ ስጀምር ሰሌዳው ላይ ነኝ፤ ስጨርስ ግድግዳው ላይ። ሰው በሩን በከፈተ ቁጥር ደግሞ በሩ መጥቶ ትምህርቴን ይሸፍነዋል። ጠዋት ቀድሜ ገብቼ ላጠፋው አስቤ ነበር። ፅዳቷ በር ላይ ጠበቀችኝ። «ልጆቹ አደራ ብለውኛል፤ ብትሞክሪ እጮሃለሁ» አለችኝ።

እውነቱን ልንገርዎ፣ ክፍሉን ፈልጌው ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ አምስተኛ ክፍል ክፍልፋይ ሳስተምር ኖሬ፣ በቃ ተራዬ ደረሰ ስል ሰሌዳ አጣሁ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ዳይሬክተራችን ግን ሳልናገር የሚያውቅ ሰው ነው። አንድ ቀን ገብቶ ሰሌዳውን አየ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የጋሼ ሰሌዳ ነው።»

«ጋሼ ጡረታ ወጥተዋል እኮ።»

«ሰሌዳው አልወጣም።»

አልሳቀም። «ስሚ፣ ሰኞ ሱፐርቫይዘሩ ይመጣል። ክፍሉን የሰጠሁሽ ለጊዜው ነው። አይቶሽ ካልወደደ ለስፖርት መምህሩ ደርቤ እሰጠዋለሁ።»

«ሂሳብ ያውቃል?»

«ፊሽካ አለው» አለኝና ወጣ።

ለልጆቹ ነገርኳቸው። ፍለጋው ባሰበት። መሰላሉን ያስታውሱታል አይደል? አምስት ሜትር መሰላል፣ እግሩ ከግድግዳው ሦስት ሜትር ርቆ፣ ጫፉ አራት ሜትር ላይ ይደርሳል ብለው የጻፉት። ያንን ለማረጋገጥ የዘበኛውን መሰላል ተሸክመው ግቢውን ዞሩ። ዘበኛው ከኋላ እየተከተለ «ከናንተ ውስጥ ወላጅ ያለው የለም?» ይላል። መሰላሉ አምስት ሜትር አልሞላ አለ። ዘበኛውን እንደ ተጠርጣሪ አዩት።

ቀጥሎ ሰሌዳው ላይ ወዳሉት አባትና ልጅ ሄዱ። አባትየው አርባ፣ ልጁ አስር፤ ከሃያ ዓመት በኋላ አባት የልጁን እጥፍ ይሆናል። ጠበቃው እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ አባትየው እስከዚያ በሕይወት ለመኖሩ ማስረጃው ምንድን ነው?»

«የሂሳብ ስህተት አይደለም፣ ቁጭ በል።»

«ልጁስ? ከአባቱ ጋር ተጣልቶ ከሆነስ?»

«ቁጭ በል አልኩህ።»

እኔም ብሆን እቤቴ ሰሌዳዎን፣ በተለይ ያንን በማስገቢያ ቧንቧ እየተሞላ በማውጫው የሚፈሰውን ታንከር፣ በወረቀት ገልብጬ ስመረምር ከረምኩ። ባለቤቴ «እራት ቀርቧል» ሲለኝ «ማውጫው ተዘግቷል?» አልኩት።

ሰኞ ደረሰ። የትራስ ጨርቅ በምታክለው ቦታዬ ላይ የሚበቃ አጭር ትምህርት አዘጋጅቼ ነበር። ሱፐርቫይዘሩ ገባ፤ ሙቀት የማይችል ሰው ነው መሰለኝ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተና ወንበሩን አስደግፎበት ተቀመጠ። ትምህርቴ በሩ ኋላ ቀረ። እንግዳ ተነስ አይባል። ጠመኔ ይዤ ቆምኩ። ልጆቹ እኔን ያያሉ፣ እኔ ልጆቹን አያለሁ።

«ይሄ ሁሉ የተጻፈው ምንድን ነው?» አለ ሱፐርቫይዘሩ።

ጠበቃው ተነስቶ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስረዳው። ሰውየው መነጽሩን አስተካክሎ ወደ ሰሌዳው ተጠጋ። ፈገግ አለ።

«ይሄማ ቀላል ነው። እዩ እዚህ ጋ። ማስገቢያ ቧንቧው ባዶውን ታንከር በሦስት ሰዓት ይሞላል፤ ማውጫው ሙሉውን በስድስት ሰዓት ይጨርሳል። ሁለቱም ቢከፈቱ በስድስት ሰዓት ይሞላል ይላል። ከስድስት ሦስት ሲቀነስ ስንት ነው? ሦስት። መልሱ ሦስት ሰዓት ነው። አለቀ።»

ዳስተሩን አነሳ።

ከኋላ ወንበር እጅ ወጣ። «ሹክሹክታ» የሚሏት ልጅ ነች፤ ከእርስዎ ጋር እንኳ በዓመት አንዴ ብትናገር ነው። ክፍሉ እንድትሰማ ትንፋሹን ዋጠ።

«ማውጫው ቢዘጋ በስንት ሰዓት ይሞላል?»

«በሦስት ሰዓት። ተጽፏል እኮ።»

«ማውጫው ተከፍቶ ውሃው እየፈሰሰስ?»

ሰውየው ወደ ሰሌዳው ዞረ። ታንከሩን አየ። እኔን አየኝ። እኔ የበሩን ማጠፊያ አየሁ። ዳስተሩን ቦታው መለሰና ተቀመጠ። «ቀጥሉ» አለ።

ቀጠሉ። አንዷ ተነስታ በሰዓት አንድ ሦስተኛ ገብቶ አንድ ስድስተኛ ሲወጣ አንድ ስድስተኛ እንደሚቀር አሳየች። ሌላው ከወንበሩ ሳይነሳ «ጎበዝ፣ አሁን ገና ገባኝ» አላት። መሰላሉን ሌላ ልጅ ያዘው። አባትና ልጅን አስታረቁ። እያንዳንዷን መስመር ትክክል መሆኗን እያሳዩ የሰሌዳው ታች ድረስ ወረዱ። መጨረሻ ላይ የሚይዙት አጡ።

ጠበቃው ቀስ ብሎ ተነሳ።

«ቲቸር፣ ሰሌዳው ላይ ስህተት የለም። ጋሼ የተሳሳቱት ‹አንድ ስህተት አለ› ሲሉ ነው። ያንን ደግሞ በአፋቸው ነው የተናገሩት። እኛ ሰሌዳ ላይ ስንፈልግ ቆየን።»

የተቃወመ አልነበረም። ጠበቃው ዳስተሩን ለሹክሹክታ ሰጣት። ስታጠፋው ከፊት ረድፍ አንድ ሁለቱ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። አቧራው ነው አሉኝ። እኔም አቧራ ነው ብዬ ያዝኩት።

ከሰዓት በኋላ ዳይሬክተሩ አስጠራኝ። ሱፐርቫይዘሩ የተወውን አስተያየት ጮክ ብሎ አነበበልኝ። «መምህሯ በክፍለ ጊዜው የተናገሩት የለም ማለት ይቻላል። ተማሪ ተኮር ዘዴ እንዲህ ተግባራዊ ሲሆን አይቼ አላውቅም። ሌሎች መምህራን ልምድ ቢወስዱ።»

«ምን አድርገሽ ነው?» አለኝ።

«በሩ ተከፍቶ ነበር።»

አልገባውም። ክፍሉ ግን የእኔ ሆኗል። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ለመምህራኑ ሁሉ ስለ ዘዴው ገለጻ እንድሰጥ ታዝዣለሁ። ምን ብዬ እንደምገልጽ አላውቅም፤ ዝም ብል ይሻል ይሆን?

ሰሌዳው ላይ እውነት ስህተት ከነበረ፣ እባክዎ ለማንም አይንገሩ። ለእኔም ጭምር። ልጆቹ ፈርደዋል።

ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ሰሌዳ አገኘሁ። ከስፋቱ የተነሳ መግቢያው ጠፋብኝ። ሁለት መስመር እንደጻፍኩ ሹክሹክታ እጇን አወጣች። በዚህ ሳምንት ሁለተኛ ጊዜዋ መሆኑ ነው።

«ቲቸር፣ ሰባት ጊዜ ስምንት ሃምሳ አራት አይደለም።»

ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። «ቲቸርም ጀመሩ!» አለ ጠበቃው፤ እንዲህ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። ፊቴን ከሰሌዳው ሳላዞር «ዘገያችሁ» አልኳቸው።

እንግዲህ ነገም ይጠብቃሉ፣ ከነገ ወዲያም። ጋሼ፣ ሰው ሆን ብሎ የሚሳሳተው እንዴት ነው? የት ቦታ ይደረጋል? ምን ያህል ይደበቃል? ቶሎ ይጻፉልኝ። እኔ ጋ ያሉት ስህተቶች ሳይጠሩ የሚመጡት ናቸው፤ እነሱ ደግሞ በቀን አንድ ብቻ የሚባል ነገር አያውቁም።

መልስዎ እስኪደርሰኝ በእነሱ እያስተማርኩ እቆያለሁ።

አክባሪዎ፣
የዘጠነኛ ቢ የሂሳብ መምህርት